«አንቺ ልበልዎት?»

ሙሴ ቪጉሩን አሁን «እሱ» እያልኩ ሳወራ አይፍረዱብኝ፤ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ «እርስዎ» ያልኩት ሰው ነው። ፈረንሳይ አገር፣ ሚዮ ከተማ፣ ታርን ወንዝ አጠገብ ባለው ጓንት ቤት እሱ ቆራጭ እኔ ሰፊ ነበርን። የበግ ቆዳውን አርጥቦ፣ በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ጎትቶና ለክቶ ይቆርጣል፤ እኔ ጣት በጣት እሰፋለሁ። የሌላ ሰው ቁራጭ ሲሰጡኝ እነጫነጭ ነበር። ለምን እንደሆነ ከእኔ በቀር ሁሉም ያውቅ ነበር።

አንድ ሚያዝያ፣ ምሳ ላይ፣ እንደ ልማዱ ከአይቡ ግማሹን ቆርጦ በወረቀት ላይ አስቀመጠልኝና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ማዳም ፉልኪዬ፣ ካልተቀየሙኝ... አንቺ ልበልዎት?»

የእሱ ሚስት፣ የእኔም ባል ከሞቱ ቆይቷል። ምን እንደጠየቀኝ ገብቶኛል፤ ልቤም ደንግጦ ነበር፣ በደስታ። ግን ሌላዋ ሰፊ ማርሴሊን ከጠረጴዛው ማዶ ጆሮዋን አቁማለች፤ እሷ የሰማችውን ደግሞ ማታውኑ ከተማው ይሰማዋል። አፌ ቀደመኝ።

«ምነው ሙሴ ቪጉሩ፣ አብረን አሳማ ስንጠብቅ ነው እንዴ ያደግነው?»

ጠረጴዛው በሳቅ ፈረሰ። እሱም ሳቀ፤ ጆሮው ግን ቲማቲም መስሎ ነበር።

«ልክ ነዎት ማዳም» አለና ሰንጢውን አጠፈ።

ዳግመኛ አላነሳውም። አይቡን ማካፈሉንም አልተወ። እኔ ደግሞ «ዛሬ እነግረዋለሁ» እያልኩ ስምንት ዓመት ፈጀሁ፤ ደረቅ ሴት ነኝ። ከዚያ ጓንት ቤቱ ተዘጋና ሁላችንም በየቤታችን ገባን።

ባለፈው መከር ወድቆ ሆስፒታል መግባቱን፣ አእምሮውም መለስ ቀለስ እንደሚል ሰማሁ። አውቶብስ ውስጥ ሆኜ «እንዴት ነህ? እንዴት ነህ?» እያልኩ ተለማመድኩ። ጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ቦታ ቀየረ።

ገና ከበሩ ሲያየኝ ፊቱ በራ።

«ኖኤሚ! መጣሽ?»

ኖኤሚ እህቱ ናት። ከሞተች ብዙ ዓመቷ ነው።

«አዎ፣ መጣሁ» አልኩት። ምን ልበል?

«ነይ ቅረቢ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ለሰው እንዳታወሪ ታዲያ። ጓንት ቤት አንዲት ሴት አለች። አንቺ ልበልዎት ብላት ሳቀችብኝ።»

«ጅል ናት።»

«ተይ! እንዲህ አትበያት።» የምር ተቆጣኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ደግሜ ልጠይቃት ይሆን?» አለ።

«ነገ ጠይቃት። እሺ ትልሃለች።»

«አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ አልኩህ።»

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

በማግስቱ ፀጉሬን ተሠርቼ፣ ሰማያዊ ቀሚሴን ለብሼ በጠዋት ደረስኩ። ጢሙን ላጭተውታል፤ ዓይኑም ጥርት ብሏል። እስኪጠይቀኝ መጠበቅ አቃተኝ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ እጁን ያዝኩት።

«እንዴት አደርክ?»

እጁን ቀስ ብሎ አወጣና ብርድ ልብሱን እስከ አንገቱ ሳበ።

«ይቅርታ ማዳም፣» አለኝ ቅር ብሎት፣ «አንተ የሚሉኝ የት አውቀውኝ ነው?»