ለራያ የነገርኳት የውሸት ቦታ

የፔምባ ደሴት ሰው መረቡን ያውስሃል፤ ሲቸግርህ ቤቱን ይለቅልሃል። ዓሣውን የት እንደያዘ ከጠየቅከው ግን ወደ ሰማይ ያንጋጥጥና ስለ ንፋስ ያወራሃል። እኔም ምባሩክ እንደዚያው ነኝ፤ በሌላ በሌላው ግን አልዋሽም።

አባቴ ያወረሰኝ ቦታ አለ። ከጀልባ ስታየው የመንደራችን መስጊድ ዳርቻው ላይ ካሉት ሁለት ዘንባባዎች ጀርባ ሲገባ፣ እዚያ መልህቅ ትጥላለህ። ማለዳ ውሃው ከመጥራቱ የተነሳ ጀልባዋ አየር ላይ የቆመች ይመስለኛል። ከሥር ንጉሮቹ፣ እነዚያ ረጃጅም ብርማ ዓሦች፣ እንቁላላቸውን ተሸክመው ቀስ ብለው ይዞራሉ። ስንት ጊዜ መንጠቆዬን ረስቼ ሳያቸው ውያለሁ።

እዚያ ከያዝኳቸው ሦስቱ ጀርባቸው ላይ ቢጫ ምልክት ነበራቸው። ዓሦቹ ወዴት እንደሚሄዱ ለማወቅ ያሰሩባቸው ኬንያ ያሉ ተመራማሪዎች ናቸው፤ እኛ ጋ የምትሰበስበው ደግሞ ራያ፣ የዓሣ ምርምር ቢሮዋ ልጅ ናት። ምልክቱን ስሰጣት ቆብ ትሸልመኝና "የት ያዙት፣ ባባ ምባሩክ?" ትለኛለች። ሦስቴም "ምኮኮኒ ፊት ለፊት" አልኳት። እህቴ ሙዝኔ የተዳረችበት መንደር ነው፤ አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነበር።

ዘንድሮ ራያ እየሳቀች መጣች።

"ባባ፣ ደስ ይበልዎት! የእኛና የኬንያ ስብሰባ ተስማማ። ንጉሩ እንቁላል በሚጥልበት ሦስት ወር ምኮኮኒ ላይ ማንም መረብ አይጥልም። ያሳመኗቸው የእርስዎ ዓሦች ናቸው!"

ካርታው ላይ የእህቴ ባሕር በቀይ ተከቧል።

በማግስቱ ሙዝኔ ከተፍ አለች። "እኛ እኮ ንጉሩን በዓይናችን አይተን አናውቅም፣ ወንድሜ! ትንንሹን ለቃቅመን ነው ልጆቻችንን የምናበላው። የትኛው ቀጣፊ ነው እኛ ጋ ያዝኩ ያለው? ባገኘው ጺሙን ነበር የምነጭለት!"

እጄ ወደ ጺሜ ሄደ። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

እሷን ሸኝቼ ራያን ጀልባ ላይ አወጣኋት። መስጊዱ ከዘንባባዎቹ ጀርባ ሲገባ "እዚህ ነው፤ ዋሽቼሽ ነው" አልኳት። አልተቆጣችም። ጎንበስ ብላ ወደ ታች ስታይ ቆየች። ብርሃኑ በውሃው ውስጥ ይወዛወዛል፤ ንጉሮቹም በብርሃኑ ውስጥ ይዞራሉ።

"አስተካክላለሁ" አለች በመጨረሻ። "ግን የሚዘጋው ይሄ ይሆናል። ገብቶዎታል አይደል?"

"ገብቶኛል።"

"አሥራ አንድ ቆጠርኩ። ድሮ ስንት ነበሩ?"

"አባቴ መጀመሪያ ሲያመጣኝ ከብዛታቸው የተነሳ አሸዋው አይታይም ነበር።"

አሁን አሸዋው ነጭ ሆኖ፣ ሰፊ ሆኖ ተዘርግቷል።

"እያለቁ መሆናቸውን እያዩ ለምን ለሰው አልተናገሩም?"

"ብናገር 'የት ነው?' ትሉኛላችኋ፣ ልጄ።"

አርባ ዓመት ሙሉ ሲያልቁ ብቻዬን አየሁ። እሷ ቦታውን ስትጽፍ እኔ አለቀስኩ።