የሶላሩ ዋስ

ይርዳው የሶላሩን መስታወት በነጠላ ጠቅልሎ ከሸኮ ቴፒ ድረስ ያመጣው ሐሙስ ጠዋት ነው። ሻሚል ሱቁን ገና ከፍቶ ባትሪ ድንጋይ እየደረደረ ነበር። እኔ ከጎኑ በረንዳው ላይ ልብስ ስለምሰፋ የሻሚልን ጉዳይ ሁሉ ሳልፈልግ እሰማለሁ። አንዳንዴ ፈልጌም እሰማለሁ።

ይርዳው መስታወቱን ባንኮኒው ላይ አስተኝቶ ነጠላውን ገለጠ። ታጥቧል። ባትሪውንና አራቱን አምፖል ከጆንያ አውጥቶ አጠገቡ ደረደራቸው።

«ዛሬ ሦስት ዓመቱ ሞላ» አለ።

«እንኳን አደረሰህ ጋሼ ይርዳው።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን። ብሬን ልወስድ ነው የመጣሁት።»

ሻሚል የጅማ ልጅ ነው፤ ነጋዴ ከነጋዴ የተወለደ። ብር የሚጠይቅ ሰው ሲመጣበት መጀመሪያ ወንበር ያቀርባል። አቀረበ።

«የምን ብር?»

«አሥራ ሁለቱን ሺህ ነዋ። ስትሸጥልኝ ‹በሦስት ዓመት ብርህን ይመልሳል› አላልክም? ይኸው ጠበቅኩ። አንድ ቀን እንኳ ቀድሜ አልመጣሁብህም።»

ብሏል። እኔም ሰምቻለሁ። ሻሚል ይህን ለገዛውም ላልገዛውም ይላል።

«ጋሼ፣ ይመልሳል ማለት እኮ ራሱ ሶላሩ ይመልሳል ማለት ነው።»

«ሶላር ብር ከየት ያመጣል?»

«አያመጣም። ያስቀርልሃል።»

«እኔም የመጣሁት እንዳይቀርብኝ ነው።»

ይርዳው ከደረት ኪሱ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣ። «የ3 ዓመት ዋስትና» ይላል፤ ማኅተም አለው።

«ዋስትና ካለ ዋስ አለ» አለ። «ዋሱ ማን ነው?»

«ፋብሪካው ነው።»

«የት ነው የሚኖረው?»

«ቻይና።»

«ይጠራ።»

ሻሚል ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ መርፌዬ አየሁ።

«ምን እንዲህ አስቸኮለህ ግን?» አለው ሻሚል።

«ጣሪያዬን አፍርሼ ነው የመጣሁት። ሠላሳ ቆርቆሮ ላለብሰው ሰኞ ዕለት ሣሩን አወረድነው። ባለቤቴ ሣራና ልጆቹ ያሉት በሸራ ሥር ነው። ሸራው ደግሞ የጸሎት ቤቱ ነው፤ እሑድ ይፈልጉታል።»

እዚህ አገር ፀሐይ በቀጠሮ ነው የምትመጣው፤ ዝናብ ግን ቤተሰብ ነው፣ አያንኳኳም። ስለዚህ ነገሩ የቀልድ እንዳልሆነ ሁላችንም ገባን።

በረንዳዬ ላይ ጋሽ ሸዋንግዛው ነበሩ። ቡና እርሻ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሚዛን ላይ የቆሙ ጡረተኛ ናቸው። ሱሪያቸውን እየጣፍኩላቸው ስለነበር በጋቢ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል፤ ተነሥተው መሄድ ስላልቻሉ ዳኛ ሆኑ።

«ሶላሩ ያስቀረው ይቆጠር» አሉ። «አሥራ ሁለት ሺህ ከሞላ መልሷል። ካልሞላ ሻሚል ይሞላል።»

ሻሚል ደስ አለው። «ነጭ ጋዝ!» አለ። «ለኩራዝ በወር ስንት ታወጣ ነበር?»

«ኩራዝ አልነበረንም። ሲመሽ እንተኛ ነበር።»

«እሺ፣ ስልክ ቻርጅ ለማድረግ እስከ ከተማ...»

«ስልክ የገዛሁት ሶላር ስላለኝ ነው። አንድ ሺህ አምስት መቶ።»

ጋሽ ሸዋንግዛው ስልኩን ወጪ ላይ ጻፉት። «ካርድስ?»

«በሳምንት ሃምሳ። የሣራ እኅት ቦንጋ ናት፤ ወሬ አያልቅባቸውም።»

ተጻፈ። ሬዲዮም ተጻፈ።

«ልጆቹስ?» አለ ሻሚል። «በመብራት አያጠኑም?»

«ያጠናሉ። ሲያጠኑ ያመሻሉ፣ ሲያመሹ ይርባቸዋል። አንዱ እራት ሁለት ሆነ።»

ጋሽ ሸዋንግዛው ደመሩ። እንደ ልማዳቸው ሁለት ጊዜ ደመሩ።

«ሶላሩ የመለሰው የለም» አሉ። «እንዲያውም እራቱን ሳልቆጥር ሌላ አሥር ሺህ አስወጥቶታል። እንደ ሒሳቡ ከሆነ ሦስት ዓመቱ ገና አልጀመረም።»

«ታዲያ ማን ይከፍላል?» አለ ሻሚል፣ ፍርዱ ወዴት እንደሚሄድ እያየ።

በዚህ መሃል ጌጫ ላይ ሻይ ቤት ያላት ኢክላስ ስኳር ልትገዛ ገባች። ባንኮኒው ላይ የተደረደረውን አየችና «ሻሚል፣ ይሄ ሶላር ስንት ነው?» አለች።

«ሠላሳ ሁለት ሺህ» አለ ሻሚል። አስቦ አይደለም፤ አፉ ለምዶት ነው።

የስፌት መኪናዬን አቆምኩ።

«ስንት?» አለ ይርዳው።

«አዲሱ ነው እኮ ጋሼ። ዶላሩ...»

ዶላር ሲባል ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ቴፒ ውስጥ ዶላርን በዓይኑ ያየ ጥቂት ነው፤ ያልቀመሰው ግን የለም።

«ያገለገለውስ?» አሉ ጋሽ ሸዋንግዛው።

ኢክላስ አንዱን አምፖል አበራች፣ አጠፋች፣ እንደገና አበራች። መስታወቱን በጣቷ ዳሰሰች። «አሥራ ሁለት እሰጣለሁ።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ በእጄ ሳጥበው የኖርኩት ነው» አለ ይርዳው።

«የታጠበ ስለሆነ አሥራ አምስት።»

ብሩ ከመቀነቷ ወጥቶ ተቆጠረ። ሻሚል ወዲያው ቀና አለ። «ምን አልኩህ? ከነትርፉ መለሰልህ እኮ» አለ። ለሚቀጥለው ደንበኛ የሚለውን እዚያው ሲለማመደው ይታያል።

ይርዳው ደግሞ ቆጠረ። «ብለሃል» አለ፤ ከልቡ ነው። ወረቀቱን ለኢክላስ ሰጣትና ዋሱ ቻይና እንዳለ ነገራት።

ከዚያ መንገዱን ተሻግሮ ቆርቆሮ ቤት ገባ። ብዙ አልቆየም።

«ስንት ገባ?» አሉት ጋሽ ሸዋንግዛው።

«አንዱ አንድ ሺህ። ያኔ እኮ አራት መቶ ነበር።»

«አሥራ አምስት ፍሬ።»

«አሥራ አምስት።»

«ግማሽ ቤት ነው።»

«የልጆቹ ግማሽ ነው» አለ ይርዳው። «በእኛ በኩል ሣሩን መልሼ አለብሳለሁ። የረገጥነው ትንሽ ነው።»

ቆርቆሮው አይሱዙ ላይ ሲጫን አብሬው ቆምኩ። «ሣራ ምን ትል ይሆን?» አልኩት።

«ስለ ቆርቆሮው?»

«ስለ መብራቱ።»

ትንሽ አሰበ። እስካሁን ያላሰበበት ይመስላል።

«ሲመሽ ታየዋለች» አለ።

መኪናው ገበያውን ሳይጨርስ ዝናቡ ጀመረ። ይርዳው ከኋላ ቆርቆሮው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ አንዱን መዘዘና ራሱ ላይ ደገፈው።