ከፊኛ እስከ አንገት

ባሌ ፀጉር አስተካካይ ነው። ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ የጀመረ ሰሞን «ብርድ ነው» አለኝ፤ እኔም ሞኟ አመንኩት። የሰፈራችንን መምህር አገጭ በምላጭ ከቆረጠ ወዲህ ግን ደንበኛው ሁሉ መንገድ እየተሻገረ ማዶ ያለው ፀጉር ቤት ይገባል። እኛ ደግሞ ከዚያች አንዲት ክፍል ፀጉር ቤታችን ሌላ መተዳደሪያ የለንም።

«አንቺ ትማሪያለሽ» አለኝ አንድ ቀን።

«እኔ? ወለል ስጠርግና ፎጣ ሳጥብ የኖርኩት?»

«አዎ፣ አንቺ!»

ፊኛ ነፋ፣ የሳሙና አረፋ ቀባና «ላጪ» አለኝ። ጧ! ደግሞ ጧ! ጎረቤቶቻችን ርችት የምንተኩስ መሰላቸው። እሱ እንደሆነ አንድ ቦታ አይቆምም፤ በግራዬ ነው ስል በቀኜ ብቅ እያለ «ቀስ! ወጠር አድርጊው! አንገት ላይ ሆነሽ ዓይንሽን እንዳታነሺ!» ይለኛል።

«አንተ ሰውዬ፣ እስቲ መጀመሪያ አንተ አደብ ግዛ!» ብዬ ጮህኩበት። አደብ ከየት ያምጣ? እጁ ሥራ ከፈታ ጀምሮ እግሩ ዕረፍት የለውም።

ፊኛው መፈንዳቱን በተወበት ሰሞን፣ አንድ ጠዋት መምህሩ በሩ ላይ ቆሙ። አገጫቸው ላይ ጠባሳው አለ።

«ማን ነው የሚላጨኝ?»

«እሷ» አለ ባሌ።

መምህሩ አንዴ እኔን፣ አንዴ ማዶውን አዩ። እሳቸው ከሄዱ አለቀልን፤ ሰፈሩ የሚከተለው እሳቸውን ነው።

ይሄኔ ባሌ ዘሎ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ዕድሜ ልኩን አጠገቡ ቆሞ ሲሠራ እንጂ ተቀምጦበት አይቼው አላውቅም። «ጋሼ፣ መጀመሪያ በእኔ ላይ ይመልከቷት።»

ኧረ ምነው! ከፊኛ በቀር ምን ላጭቼ አውቃለሁ? ጨርቁን አንገቱ ላይ አሰርኩለት። ራሱን መላጨት ካቃተው ጀምሮ ጺሙ አድጓል። እጁ ከሥር ሲንቀጠቀጥ ጨርቁ ይርገበገባል፣ ትከሻውም አብሮ።

«አትነቃነቅ!» አልኩት በሹክሹክታ።

«እኔ አይደለሁም፣ እጄ ነው።»

አንጀቴን በላው። «በል ቀሚሴን ያዝ» አልኩት። ጭምድድ አድርጎ ያዘው። መንቀጥቀጡ ወደ እኔ መጣ፤ አንገቱ ግን ረጋ። ምላጩን ከጆሮው ሥር ጀመርኩ። ጠብታ ደም ሳይወጣው ጨረስኩ።

መምህሩ ጠጋ ብለው አገላብጠው መረመሩት። ከዚያ ኮታቸውን አወለቁ። «ተነሣ እንግዲህ፣ ተራዬ ነው።»

እፎይ አልኩ። አገጫቸውን በአረፋ ሸፍኜ፣ ምላጩን አንገታቸው ላይ እንዳሳረፍኩ ከኋላዬ ሸር ሸር የሚል ድምፅ ሰማሁ። በመስታወቱ አየሁት፤ መጥረጊያዬን ይዞ የገዛ ጺሙን ከወለሉ ይጠርጋል። ስንቱ ሰው ያመሰገነው እጅ! እንባዬ መጣ። «ተወው፣ እኔ እጠርገዋለሁ» ልለው ዞር አልኩ።

«አንገት ላይ ነሽ» አለኝ ቀና ሳይል። «ዓይንሽን አታንሺ።»