ስምንት ዶሮና ሁለት ቤተሰብ

አንድ ቤተሰብ ከአራት ዶሮ በላይ ማርባት አይችልም የሚል ደንብ ሲወጣ እህቴ ስምንት ዶሮዎች ነበሯት። አራቱን አርዳ መገላገል ትችል ነበር፤ ከጫጩትነታቸው ጀምራ ያሳደገቻቸውን ለማረድ ግን አንጀቷ አልቻለም። ባሏ ጋሼ ደግሞ ጡረታ የወጣ ሾፌር ነው፤ ደንብ ካየ መታጠፊያ ይፈልጋል።

"ሁለት ቤተሰብ እንሆናለን" አለ። "አራት ላንቺ፣ አራት ለእኔ።"

እህቴ ሳቀች። የሳቀችው እሷ ብቻ ነበረች።

አናጢ ስለሆንኩ ጣጣው እኔ ላይ ወደቀ። ቤቱን በችፑድ፣ ግቢውን በሽቦ ከፈልኩት። አልጋው በእህቴ በኩል ቀረ፣ ሶፋው በጋሼ በኩል። ደንብ አስከባሪው መጥቶ ዞር ዞር ብሎ አየና፣ አንድ ምድጃ ያለው ቤት አንድ ቤተሰብ ነው ብሎ ሄደ። ጋሼ ሌላ ምድጃ ገዛ።

ነገሩ ለይስሙላ ነው ተብሎ ነበር። ግን አስከባሪው ሳይታሰብ ከች ስለሚል ጋሼ ሶፋው ላይ ማደር ያዘ። ቀጥሎ ምግብ ማብሰል ለመደ፤ ይባስ ብሎ ወደደው። አንድ ቀን እህቴ ጨው አልቆባት ችፑዱን ብታንኳኳ "ማነው?" አላት። ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልለየሁም። እሷም የለየችው አልመሰለኝም።

"እንደው ንገረኝ፣ እኔ አሁን ያለኝ ባል ነው ጎረቤት?"

ሁለቱም አለሽ ብላት ተቀየመችኝ።

ከወራት በኋላ አስከባሪው ተመልሶ መጣ። ደንቡ ተሻሽሏል፣ ለአንድ ቤተሰብ እስከ አሥር ዶሮ ተፈቅዷል አለ። እህቴ በዚያው ቀን መዶሻህን ይዘህ ና ብላ ላከችብኝ።

ከግቢው ጀመርኩ። ሽቦውን ገና ከማንሳቴ፣ አብረው ያደጉት ዶሮዎች እንደ ጣውንት ተናቆሩ። ላባው እንደ ጥጥ በነነ፣ አንዷ ዓይኗ ሥር ደማች። ሽቦውን መልሼ ተከልኩት።

ጋሼ ቆሞ ሲያይ ቆየና፣ ተለያይተው የከረሙ ባንድ ጊዜ አይቀላቀሉም፣ ቀስ እያሉ ነው አለ። የዶሮዎቹን ነገር ይሁን የሌላ አልገባኝም። እህቴም ትንሽ አሰበችና፣ ችፑዱን አታፍርሰው፣ ለጊዜው በር ብቻ አውጣለት አለችኝ።

በሩን ቆርጬ እንዳወጣሁ መወርወሪያውን በየት በኩል ላድርገው ብዬ ጠየቅሁ። ባንዱ በኩል ባደርገው አንዱ ሌላውን ይዘጋበታል፤ በሁለቱም ባደርገው ያው ችፑድ ነው።

"ያለ መወርወሪያ ተወው" አለች እህቴ።

"እኔ እያንኳኳሁ እገባለሁ" አለ ጋሼ ከወዲያ።

"የማንን ቤት ነው የምታንኳኳው?"

ጋሼ እውነትም ግራ የገባው ይመስላል።

"እሱን እንጃ" አለ።

"ራትህን በልተሃል?"

"አልበላሁም።"

"ታዲያ ምን ያቆምሃል?"

በአዲሱ በር በጎን ሾልኮ ገባ። የራሱን ሰሃን ይዞ ነበር። የት እንደሚቀመጥ ግን ጠፍቶት፣ እሷ ወንበር እስክትስብለት ድረስ እዚያው ቆመ።