የእትዬ ደብሪቱ አምፖልና ቀዩ ጉም

አፈወርቅ መሐል ሜዳ ከተማ ፎቶ ቤት አለው። ቀን ቀን ሰዉን ለመታወቂያ ያነሳል፤ ሲመሽ ደግሞ፣ ጉድ እኮ ነው፣ ካሜራውን ጓሮ አውጥቶ ሰማይ ያነሳል! ዓመታት የለፋው ለአንድ ነገር ነው፤ ከሦስቱ ተርታ ከዋክብት አጠገብ ላለው ቀይ ጉም። ኔቡላ ይሉታል። በዓይን አይታይም፤ ካሜራው ብዙ ተከፍቶ ሲቆይ ብቻ ነው ብርሃኑ የሚጠራቀም። ሚስቱ ጌታነሽ «ሰው ቤት ይሠራል፣ አንተ ጉም ታሳድዳለህ» እያለች ትስቅበታለች፤ ብርድ እንዳይመታው ጋቢ የምትደርብለትም እሷው ናት።

የሚሊኒየሙ በዓል ካለፈ ወዲህ ከተማው በመብራት ተንቆጠቆጠ። እነአፈወርቅ ደጅም የመንገድ መብራት ተተክሎ ሰኞ ሊበራ ነው። ከዚያ ወዲያ ጉሙን ከዚህ ጓሮ ማንሳት አይታሰብም። ቅዳሜ ማታ ሰማዩ ጥርት ሲል የቀረው እንቅፋት የጎረቤቱ የእትዬ ደብሪቱ የደጅ አምፖል ነበር። ከአጥሩ ጥግ፣ ከአጭር የባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ ሆኖ ጓሮውንም መንገዱንም ቀን ያስመስለዋል።

«እትዬ፣ ትንሽ ቢያጠፉልኝ?» ሲል በአጥሩ ካብ አሻግሮ ለመናቸው።

እትዬ ደብሪቱ ወደ ቤት ገቡ።

ጌታነሽ ክንዱን ቆነጠጠችው። «ምን ነካህ አንተ? ልጃቸው ሳሌም ቤሩት ከሄደች ጀምሮ የሚበራ መብራት እኮ ነው! በማታ አውቶቡስ ብትመጣ መንገዱ እንዳይጨልምባት፣ እስክትመለስ አላጠፋም ብለው ለእመቤታችን ተስለዋል።»

አፈወርቅ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። የሰው ስለት አፍርሱልኝ ማለት! ካሜራውን ሊሰበስብ ሲል እትዬ ደብሪቱ ጥቁር የሱፍ ባና ታቅፈው ብቅ አሉ።

«ማጥፋቱን አላጠፋም። አልሸፍንም ብዬ ግን አልተሳልኩም። ነይ ጌታነሽ፣ ጫፉን ያዢ!»

ሁለቱ ሴቶች ከምሰሶው ግራና ቀኝ ቆመው ባናውን አምፖሉ ላይ ድንኳን አደረጉት። ጓሮውም መንገዱም ድርግም አለ። አፈወርቅ ከሁለት ሳንቃና ከበር ማጠፊያ የሠራት የካሜራ ማቆሚያ የሚዞሩትን ከዋክብት እንድትከተል ብሎኗን ቀስ እያለ አዞረ። የመጀመሪያው ፎቶ በካሜራው መስታወት ላይ ሲወጣ ጎንበስ ብሎ አየው። ቅላት አለ! ነጠላ ላይ ታጥቦ ያልለቀቀ የወጥ እድፍ ይመስላል፤ ግን አለ።

«አገኘሁት!» ብሎ ጮኸ።

አንድ ፎቶ ግን አይበቃም። ጉሙ ጎልቶ እንዲወጣ ብዙ ፎቶ አንስቶ መደራረብ ያስፈልጋል፤ ይህን ጌታነሽም ታውቃለች። «ቀጥል እንጂ» አለችው፣ ክንዷ እየዛለ።

አፈወርቅ ቀና ሲል እትዬ ደብሪቱን አያቸው። አንዴም ወደ ሰማይ አላዩም፤ የጨለመውን መንገድ ነው የሚያዩት።

«የደብረ ብርሃኑ አውቶቡስ ገና አልገባም አይደል?» አሉ ቀስ ብለው።

«በቃኝ እትዬ» አለ አፈወርቅ። ጌታነሽ ልትናገር አፏን ስትከፍት በዓይኑ ዝም አሰኛት። ካቡን ዘሎ ባናውን ከእጃቸው ተቀበለ። መንገዱ እንደገና በራ።

«እውነት በቃህ የኔ ልጅ?»

«እውነት።»

ባናውን በትከሻቸው ላይ ጣል አደረገላቸውና ሦስቱም አምፖሉ ሥር ቆመው አውቶቡሱን ጠበቁ።