የመቋሚያው ቦታ

በገና ዋዜማ ከጧት ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኝ ነበር። ቄጠማውን ጎዘጎዝኩ፤ አላምር አለኝና ሰብስቤ እንደገና ጎዘጎዝኩ። የእናቴን ፎቶ ከቴሌቪዥኑ በላይ ሰቀልኩ፣ አወረድኩ፣ መስኮቱ አጠገብ ሰቀልኩ። ባለቤቴ ባዘዘው መዶሻ ይዞ ከኋላ ከኋላዬ ይከተለኛል።

«ያለም፣ ግድግዳው እኮ ወንፊት ሆነ» አለኝ።

«ዝም ብለህ ምታ» አልኩት።

መጣደፌ ያለ ምክንያት አልነበረም። አባቴ መሪጌታ አካለ ወልድ ሐምሌ ላይ ዲማ እደጃቸው አዳልጧቸው ዳሌያቸው ከተጎዳ ወዲህ እዚህ ደብረ ማርቆስ እኔ ጋ ነው ያሉት። እናቴ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆኗታል፤ የዲማው ቤት ባዶ ነው። እሳቸው ግን ከመጡ ጀምሮ ሻንጣቸውን አልፈቱትም። አልጋቸው ሥር እንደተቆለፈ ተቀምጧል። «ገናን ልዋልና እሄዳለሁ» ይላሉ፣ በየቀኑ፣ ልክ እንደ እንግዳ። የወለዷት ልጅ ቤት ቤታቸው አለመሆኑ አንጀቴን ያሳርረኝ ነበር።

ስለዚህ አንድ ነገር አሰብኩ። ባለፈው ሳምንት ዲማ ሄጄ የቤታችንን ዕቃ በጆንያ ጭኜ መጣሁ። ዘንድሮ የፕላስቲክ ጥድና የሚብለጨለጭ መብራት አልገዛም፤ ግድግዳዬን የዲማ ቤት አስመስለዋለሁ፤ ያኔ የት ይሄዳሉ ብዬ ነው። እናቴ የሰፋችው ሙዳይ አለ፤ ክዳኑ ላይ ስትደርስ ቀዩ አለላ አልቆባት በሰማያዊ የጨረሰችው። የወንድሜ የአለበል የገና ዱላም አለ። የፊት ጥርሴን ያወለቀው እሱ ነው፤ ቢሆንም ክብር ያለው ቦታ ሰጠሁት።

ለመሃል ግድግዳው ያሰብኩት የአባቴን መቋሚያ ነበር። እሱ ከዲማ ከእሳቸው ጋር የመጣ ነው፤ ሁልጊዜ ራስጌያቸው ተደግፎ ይቆማል። ከሰዓት በኋላ ከዘራቸውን ይዘው ጎረቤት ፀሐይ ሊሞቁ ሲወጡ ጠብቄ አነሳሁት፣ በዘይት ወለወልኩት፣ ከሁሉም በላይ አሰቀልኩት። ልጅ ሆኜ ዲማ ቤት ግድግዳው መሃል ላይ የአያቴ መቋሚያ ተሰቅሎ ነበር። እናቴ በየገናው ወንበር ላይ ወጥታ አቧራውን ትጠርግለት ነበር። ለእኔ የገና ጌጥ ማለት ያ ነው፤ እሱን ግን ምስጥ ከበላው ቆይቷል።

እውነቱን ልናገርና ሌላም ነገር ነበረኝ። ለማኅሌት እንዳይሄዱ ፈልጌ ነው። በዚያ ብርድ፣ በዚያ ዳሌ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲቆሙ ማሰብ አልቻልኩም። ስለዚህ ባዘዘውን «ከፍ አድርገው፣ ገና ከፍ አድርገው» አልኩት። ነገሩ ገብቶታል፤ አየኝና መታ።

አባቴ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተመለሱ። በሩ ላይ ቆመው ግድግዳውን ከዳር ጀምረው አዩት። ሙዳዩን በጣታቸው ዳሰሱና «ይቺ ሰማያዊ» ብለው ፈገግ አሉ። የአለበልን ዱላ ሲያዩ ደግሞ ዘወር ብለው ጥርሴን አዩ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ከዚያ ቀና አሉ፤ መቋሚያውን አዩት። ፈገግታው ጠፋ። ሄደው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

ወጥ ቤት ገባሁ፣ ወጣሁ። ሽንኩርቱን አማሰልኩ፣ ተመልሼ መጋረጃውን አቃናሁ።

«አልወደዱትም እንዴ፣ አባባ?»

«አምሮበታል» አሉ። «የአባቴ መቋሚያ መቼ እንደተሰቀለ ታውቂያለሽ?»

«እኔ ሳውቀው ተሰቅሎ ነው።»

«በተቀበረ ማግስት ነው። እኔው ነኝ የሰቀልኩት። የእኔስ የት ነበር የሚቀመጠው?»

«በሩ ኋላ።»

«ለምን ይመስልሻል?»

«ሲወጡ እንዲያነሱት» አልኩ በመጨረሻ።

«እኔ ዛሬም እወጣለሁ፣ ልጄ።» አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ዕድሜ ልኬን እንደ ጌጥ ያየሁት ነገር የሞተ ሰው ማስታወሻ ኖሯል። እኔ ደግሞ አባቴን በቁማቸው ግድግዳ ላይ ሰቀልኳቸው፤ ያውም በዘይት ወልውዬ። አፈርኩ። ቢሆንም እልኸኛ ነኝና ወዲያው አልተሸነፍኩም።

«ብርዱስ? ዳሌዎስ? ሌሊቱን ሙሉ እንዴት ይቆማሉ?»

«ሲደክመኝ እቀመጣለሁ። ስቆም ደግሞ ደገፍ የምልበትን አንቺ ሰቅለሽብኛል።»

ወንበር ጎትቼ ወጣሁና አወረድኩት። ጋቢያቸውን ደርቤ አለበስኳቸው፤ ባዘዘው ባጃጅ ጠርቶ አብሯቸው ሄደ። እኔ ቀረሁ፣ ከወጥ ድስቱና ከፍርሃቴ ጋር። ስልክ በጠራ ቁጥር ወደቁ ሊሉኝ ነው እያልኩ እደነግጥ ነበር።

የገና ዕለት ጧት፣ ፀሐይዋ ቄጠማው ላይ ስትደርስ፣ በሩ ተከፈተ። አባቴ ናቸው፤ ፊታቸው በብርድ ቀልቷል፤ ደህና ናቸው። «እንኳን አደረሰሽ» አሉና ሳሙኝ። ወደ አልጋቸው ይሄዳሉ ስል በሩ ኋላ አጎነበሱ። መጥረጊያዬን አንስተው ወዲያ አደረጉትና በእሱ ቦታ መቋሚያቸውን አቆሙ።

«መጥረጊያሽን ሌላ ቦታ ፈልጊለት» አሉኝ።

ባዘዘው ባዶውን ምስማር አይቶ አሳዘነው መሰለኝ መዶሻውን አነሳ። «ይሄንን ልንቀለው» አለ።

«ተወው፣ ባዘዘው» አሉ አባቴ ሻንጣቸውን ከአልጋው ሥር እየጎተቱ። «የእኔ ጊዜ ሲደርስ ሌላ ከምትመታ።»

ሻንጣውን ከፈቱና ልብሳቸውን አንድ በአንድ እያወጡ አልጋው ላይ መደርደር ጀመሩ። ዲማ አይሄዱም ማለት ነው። የፈለግኩት ይኸው ነበር፤ ሳገኘው ግን ዓይኔ ከምስማሩ ላይ አልነሳ አለኝ። ወጡን ላውርድ ብዬ ወጥ ቤት ገባሁና አለቀስኩ።