ዜሮ የተጻፈበት ገጽ

ወለተ ሩፋኤል ዓባይ ማዶ ባለው የሐጂ ሰላህ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የሠራተኛ አስተዳደር ኀላፊ ከሆነች አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ሁለት መቶ አሥራ ስምንቱንም ሠራተኛ በስም ታውቃለች። መዝገቡ የሷ ነው፤ ማኅተሙም የሚያድረው በሷ መሳቢያ ነው። አባቷ ጣና ዳር ካሉት አድባራት ባንዱ ቅኔ ያስተምሩ የነበሩ መሪጌታ ናቸውና የእጅ ጽሕፈቷን ከሳቸው ወርሳለች። መዝገቡን የገለጠ እንግዳ ሁሉ «ይኼ በእጅ ነው የተጻፈው?» ሳይል አያልፍም። እሷም ይህን መስማት ትወዳለች።

ሉባባ የተቀጠረችው ታኅሣሥ ላይ ነው። የወረታ ነጋዴ ልጅ፣ ሃያ ስድስት ዓመቷ፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች፣ ሰው ማናገር የማይከብዳት። በመጀመሪያው ወር ወለተ ሩፋኤል ራሷ ነበረች ሥራውን ያለማመደቻት። በሦስተኛው ወር ሠራተኞቹ የዕረፍት ቅጽ ሲፈልጉ ቀጥታ ወደ ሉባባ ጠረጴዛ መሄድ ጀመሩ። በአምስተኛው ወር ሐጂ ሰላህ አንድ ነገር በተጠየቁ ቁጥር «ሉባባ ታውቃለች» ማለት ለመዱ።

ግንቦት ላይ ከሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ደብዳቤ መጣ። አሠሪ ሁሉ የሠራተኞቹን ብዛት በፆታ፣ በዕድሜ፣ በትምህርት ደረጃና በአካል ጉዳት ለይቶ በሃያ ቀን ውስጥ እንዲያሳውቅ ያዛል። በየዓመቱ የሚመጣ ነገር ነው። ወለተ ሩፋኤል ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብላ ከመዝገቡ ትቆጥርና በአንድ ቀን ትጨርሰዋለች። ዕድሜውን ያላወቀችውን በግምት ትሞላለች። አካል ጉዳት የሚለው ላይ ሁልጊዜ ዜሮ ትጽፋለች፤ ሰውን ይህን መጠየቅ ማሳፈር ነው ብላ ታምን ነበር።

ሐጂ ደብዳቤውን አይተው መለሱላት።

«ለሉባባ ስጫት። አንቺም እኮ ደክመሻል፣ ትንሽ ዕረፊ እንጂ።»

ለደግ ብለው ነው ያሉት። እሷ ግን ያን ቀን ሹም አቦ ሰፈር ቤቷ እስክትደርስ ድረስ «ዕረፊ» የምትለዋን ቃል ስታመነዥግ ሄደች።

ሉባባ መዝገቡን አልቆጠረችም። ደብተር ይዛ ወደ ስፌቱ አዳራሽ ወረደችና ሰዉን አንድ በአንድ ታናግር ጀመር። ወለተ ሩፋኤል በቢሮዋ መስተዋት ታያለች። ሴቶቹ መኪናቸውን አቁመው ለሉባባ ያወራሉ፣ ይስቃሉ፣ አንዷማ እያለቀሰች ነበር። ከኔ ጋር እንዲህ ሥቀው ያውቃሉ? ብላ ራሷን ጠየቀች። ትዝ አላላትም።

በአራተኛው ቀን ሉባባ ወደ ጠረጴዛዋ መጣች።

«እትዬ ወለቴ፣ ሕዝቅኤል ጆሮው እንደማይሰማ ያውቁ ነበር?»

«የትኛው ሕዝቅኤል?»

«የደቅ ደሴቱ ልጅ፣ መተኮሻ ክፍል ያለው።»

ሕዝቅኤል ስምንት ዓመት ሠርቷል። ወለተ ሩፋኤል በር ላይ ከኋላው እየደረሰች ሰላም ስትለው ስለማይመልስ፣ ትዕቢተኛ ነው ብላ ከተወችው ቆይታለች።

«ማን ነገረሽ?»

«ራሱ ነው፣ በጽሑፍ ተነጋገርን። ከታወቀብኝ ያባርሩኛል ብሎ ነው እስካሁን የደበቀው። የምሳ ደወል ሲደወል ሌሎቹ ሲነሡ እያየ ነው እኮ የሚነሣው! የቢሮው ባለሙያ ሊያጣራ ሲመጣ በደወሉ ፋንታ መብራት ይደረግልህ እንደሆነ እንጠይቃለን አልሁት። እሱን ጨምሮ ዘጠኝ ሰው አገኘሁ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ለሕዝቅኤል ያዝን ነበር። ወለተ ሩፋኤል ግን በዚያች ሰዓት ለልጁ ለማዘን የሚሆን ቦታ በልቧ አልነበራትም። ስምንት ዓመት አጠገቧ ሠርቶ ያልነገራትን፣ ለዚች ለስድስት ወሯ ነገራት።

ዓርብ ዕለት ሉባባ ሪፖርቱን አትማ ጨረሰች። ለጁምዓ ሰላት ልትወጣ ስትል ሦስቱን ገጽ አምጥታ «እትዬ፣ ማኅተም መትተው ለተላላኪው ይስጡልኝ፤ የመጨረሻው ቀን ዛሬ ነው» ብላት ሄደች።

ወለተ ሩፋኤል አነበበችው። በሦስተኛው ገጽ አካል ጉዳት በሚለው ሥር ዘጠኝ ተጽፏል፤ የያንዳንዱ ጉዳትና የሚያስፈልገውም ተዘርዝሯል። ከታች «አዘጋጅ፦ ሉባባ» ይላል። አምና ዜሮ፣ ዘንድሮ ዘጠኝ። ያየ ሁሉ አሥራ አራቱን ዓመት ማን ተኝቶ ኖረ ማለቱ አይቀርም። ሐጂም ሉባባን ሲያመሰግኑ ታያት።

ኮምፒውተሯን ከፈተችና ሦስተኛውን ገጽ እንደገና መታችው። ዝርዝሩን አወጣች፣ በዘጠኝ ፋንታ ዜሮ አስገባች፣ የሉባባን ስም እንዳለ ተወችው። አተመች፣ ማኅተም መታች፣ ፖስታውን አሸገች። ከዚያ የጾም ምሳዋን ደኅና አድርጋ በላች።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ አምሐ የሚባል የቢሮው ባለሙያ ሪፖርቱን ሊያጣራ መጣ። ሉባባ ደስ ብሏት ሕዝቅኤልን ወደ ሐጂ ቢሮ አስጠራችው። ወለተ ሩፋኤልም ኀላፊ ናትና ተጠርታ ተቀምጣለች።

አምሐ ወረቀቱን ገልጦ ግራ ተጋባ። «እዚህ አካል ጉዳተኛ የለም ነው የሚለው። ታዲያ ማንን ነው የማየው?»

ሉባባ ክው አለች። ሕዝቅኤል የተባለውን ባይሰማም ፊቷን አየ፤ ጎንበስ ብሎ ወረቀቱን አነበበ። ከዚያ የድምፁን ልክ በማያውቅ ሰው ድምፅ «እኔስ? ስሜን ሰጥቼሽ አልነበር?» አለ። ጩኸቱ እስከ ኮሪደሩ ተሰማ።

«ምን ጉድ ነው ይኼ?» አሉ ሐጂ። «መንግሥትን ነው የምትዋሺው ወይስ እኔን?»

ሉባባ ሮጣ ኮምፒውተሯን አመጣች። የሷ ገጽ ዘጠኝ ይላል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋ ስታይ ዓይኗ አንድ ቃል ላይ ቆመ። በሷ ገጽ «ሃላፊ» የተባለው፣ በተላከው ገጽ ላይ «ኀላፊ» ተብሎ በብዙኃን ኀ ተጽፏል። በዚያ ግቢ እንዲህ አድርጋ የምትጽፍ አንዲት ሰው ብቻ ናት። ወለተ ሩፋኤልም ያን ጊዜ አየችው። ሉባባ ቀና ብላ ተመለከተቻት።

አሁን አለቀልኝ፣ አለች ወለተ ሩፋኤል በልቧ።

«ሁለት ዓይነት አትሜ ነበር» አለች ሉባባ። «የተሳሳተው ገብቶ ይሆናል። ጥፋቱ የኔ ነው።»

አምሐ የተስተካከለው በአምስት ቀን ውስጥ እንዲደርሰው ነግሮ ሄደ። ሐጂ ወደ ወለተ ሩፋኤል ዞሩ። «የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፊላት። ፋይሏ ውስጥ ይግባ።»

ቢሮዋ ገብታ በሩን ዘጋች። እፎይ ማለት ሲገባት የባሰ ተቃጠለች። ብታጋልጣት ይሻላት ነበር። ሥራውን ወሰደች፣ ሰዉን ወሰደች፣ አሁን ደግሞ ደግነቱም የሷ ሆነ! «ለወ/ሪት ሉባባ» ብላ መታች፤ አጠፋችው። ደግማ መታች፤ አጠፋችው። እንዲህ ስትል አንድ ሰዓት ሄደ። በመጨረሻ ደብዳቤውን ጨርሳ ወደ ሐጂ ይዛው ገባች።

ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። «ስም ተሳስተሻል። ያንቺን ነው የጻፍሽው።»

«አልተሳሳትሁም ሐጂ። ገጹን የቀየርሁት እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

ብዙ ምክንያት አስባ ነበር የገባችው። ሁሉንም ተወችው። «ቀንቼ» አለች።

«በዚች ልጅ?»

«በሷ።»

ሐጂ ደብዳቤውን እንደገና አነበቡት። ከዚያ ፈረሙበት። «ማኅተሙን አምጭልኝ» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ እኔ ጋ ይሆናል።» አምጥታ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠችው።

የተስተካከለውን ሪፖርት ለማድረስ ወለተ ሩፋኤልና ሉባባ በአንድ ባጃጅ ተሳፈሩ። ድልድዩን ተሻገሩ።

«ለምን ሸፈንሽልኝ?» አለች ወለተ ሩፋኤል።

«በሰው ፊት እርስዎን ማዋረድ ከበደኝ። ይቅር ብያለሁ ግን አላልሁም፤ አሁንም እንደተናደድሁ ነው። ሕዝቅኤል ስንት ቀን እንዳላናገረኝ ያውቃሉ? እሱን እርስዎ ራስዎ ያስረዱት።»

በማግስቱ ወለተ ሩፋኤል መተኮሻ ክፍል ገብታ ያደረገችውን በወረቀት ጽፋ ሰጠችው። ሕዝቅኤል ሁለት ጊዜ አነበበውና ከሥሩ «አሁንስ ስሜ ገብቷል?» ብሎ ጻፈ። «ገብቷል» ብላ ጻፈች። ወረቀቱን መለሰላትና ወደ ሥራው ዞረ።

ቅናቱ አልለቀቃትም። ሴቶቹ ሉባባን ከበው ሲሥቁ ባየች ቁጥር ዛሬም ይጠዘጥዛታል። ሐምሌ መግቢያ ላይ ግን መቅደላዊት የምትባል ቁልፍ ሰፊ ወደ ቢሮዋ ገብታ፣ ግራ እጇ እየከዳት እንደሆነና እስካሁን ደብቃው እንደቆየች ነገረቻት። «እንደነ ሕዝቅኤል መመዝገብ ይቻላል፣ እትዬ?»

ወለተ ሩፋኤል ተነሥታ ወንበር ሳበችላት። ጠየቀቻት፣ ጻፈች፣ ወረቀቱን ይዛ ወደ ሉባባ ጠረጴዛ ሄደች።

«አሥረኛ ሰው አለ» አለቻት። ከዚያ ዞር ልትል ብላ ተመለሰች። «ወደ እኔ ነው የመጣችው፣ እሽ? ወደ እኔ።»